የመንገድ ገንዘብ፦ ኪስ አውላቂ እንዴት ይሠራል፣ ተጓዥስ ምን ያድርግ?

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት በነበረው ሰሞን፣ በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ መናኸሪያ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ለጭነት 20 ብር እንዲከፍሉ ተጠየቁ። እናትየዋ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው መቀነታቸውን ፈቱ፤ ጫፉ ላይ የነበረውን ቋጠሮም በጥርሳቸው ጭምር ታግለው ከፈቱት። ከውስጡ የተጠቀለለ ባለ 200 ብር ወጣ፤ አንዱን መዘው ሰጡና መልሳቸውን ተቀበሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን በዙሪያቸው ከ10 የማያንስ ሰው ቆሞ ነበር። ቋጠሮውን መልሰው በቅጡ ሳያጠብቁት «እማማ፣ ቶሎ ይግቡ!» ስለ ተባሉ፣ በግራ እጃቸው አገልግላቸውን በቀኛቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ በሩ ግፊያ ገቡ። ደጀን ደርሰን ቁርስ ሊከፍሉ ወገባቸውን ሲዳብሱ ቋጠሮው በቦታው አልነበረም። የአንድ በሬ ሽያጭ፣ 40,000 ብር፣ ለሕክምና የታሰበ ገንዘብ ነበር።

መቀነቱ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ከወገብ ጋር ተጣብቆ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን ተጠምጥሞ የሚውል በመሆኑ እናቶቻችን ለብዙ ዘመን ገንዘባቸውን በሰላም ያደረሱበት መያዣ ነው፤ በውጭ አገር ለመንገደኞች የሚሸጠው፣ ከልብስ ሥር የሚታሰረው የገንዘብ ቀበቶም በአሠራሩ ከእርሱ አይለይም። የጎዳቸው ትልቁ ገንዘብና የመንገዱ ወጪ በአንድ ቋጠሮ መታሰራቸው ነው። 20 ብር ለመክፈል ሲሉ 40,000 ብር የት እንዳለ ለቆመው ሰው ሁሉ ማሳየት ግድ ሆነባቸው። ከዚህ በታች የማብራራው ነገር በሙሉ ከዚህ አንድ ጉዳይ የሚወጣ ነው፤ መንገደኛ ገንዘቡን መለየትና መሸሸግ ያለበት ቤቱ ሳለ ነው፤ መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ ትልቁን ገንዘብ መንካት የለበትም።

«ግርግር ለሌባ ይመቻል» የሚለው አባባል የኪስ አውላቂን ሥራ በትክክል ይገልጸዋል። ኪስ አውላቂ በጉልበት አይቀማም፤ ሥራው እንዲሳካለት ገንዘቡ ያለበትን ቦታ ማወቅ፣ የባለቤቱን ሐሳብ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ሌላ ነገር መሳብ፣ ከዚያም ሰው ውስጥ ገብቶ መጥፋት አለበት። ብዙውን ጊዜም ብቻውን አይሠራም። አንዱ ከፊት ሆኖ ደረጃው ላይ የወደቀ ነገር የሚያነሣ መስሎ መንገድ ይዘጋል፤ ሌላው ከኋላ ይገፋል፤ እጁን የሚያስገባው ሦስተኛው ነው፤ የተወሰደውን ተቀብሎ የሚሄደው ደግሞ ከቦታው ራቅ ብሎ የቆመ አራተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ተሰራቂው ነቅቶ አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ ቢይዝ እንኳ ባዶ እጅ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በገጠር ቀበሌ እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ በጥንቱ ሥርዓትም ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ ተጠርቶ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰብና ሌባው እስኪወጣ ድረስ ይመካከር ነበር። መናኸሪያ ግን ማንም ማንንም የማያውቅበት፣ የመጣው ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነው። በአገሩ በር ሳይቆልፍ የሚያድር ገበሬ በመናኸሪያ የሚጎዳው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ ዕድሜውን በሙሉ የኖረበት መተማመን እዚያ ስለማይሠራ ነው። ይህን የምለው ከደረሰባቸው ጉዳት ይልቅ «እንዴት እንዲህ ትሆናለህ?» የሚለው የዘመድ ወቀሳ የበለጠ ያቆሰላቸውን ሰዎች ስለማውቅ ነው።

ብዙ ሰው «ኪሴ ውስጥ እጅ ሲገባ እንዴት አይሰማኝም?» ብሎ ያስባል። መልሱ በሰውነታችን አሠራር ውስጥ ነው። ቆዳችን የሚነካውን ነገር የሚያስታውቀን በተለይ ንክኪው ሲጀምርና ሲለወጥ ነው፤ ሳይለወጥ የሚቆየውን ቶሎ ይለምደዋል። ጠዋት ነጠላ ወይም ጋቢ ስንደርብ ትከሻችን ላይ ይሰማናል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን መልበሳችንንም እንረሳዋለን። የኪስ ቦርሳም እንዲሁ ነው፤ ሰውነት ስለ ለመደው መኖሩም መውጣቱም ጎልቶ አይሰማም። ከዚህ በላይ ደግሞ ብርቱ ንክኪ ቀላሉን ይሸፍነዋል። ትከሻው በኃይል የተገፋ ሰው በዚያው ቅጽበት በጎኑ ላይ ያለፉትን ሁለት ጣቶች አይለያቸውም። ስለዚህ የበር ላይ ግፊያ ለኪስ አውላቂው መሸሸጊያ ብቻ ሳይሆን ዋና መሣሪያው ነው፤ ግፊያ በሌለበት ደግሞ ራሱ ይፈጥረዋል።

በእኛ አገር ሌላም መሸፈኛ አለ። ክንድ ላይ የተጣለ ጋቢ፣ ፎጣ ወይም ጃኬት፣ አንዳንዴም የታጠፈ ጋዜጣ፣ ከሥሩ ያለው እጅ የሚሠራውን ይጋርዳል። በደጋው ብርድ ጋቢ የያዘ ሰው ሁሉ ሊጠረጠር አይገባም፤ ግን ቦታ እያለ ጋቢውን በክንዱ ላይ ዘርግቶ ወደ ጎን የሚጠጋ ሰው ሲኖር ገለል ብሎ ፊትን ወደ እርሱ ማዞር ምንም አያስቀይምም። ፊት ለፊቱ የሚያየውን ሰው ኪስ የሚነካ ሌባ እምብዛም የለም።

ገንዘብ የሚጠፋባቸው ቅጽበቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። እጅም ዓይንም ሌላ ነገር ሲይዙ ነው፦ ተሽከርካሪ ላይ ሲወጣ፣ ሲወረድ፣ ሲከፈል፣ ዕቃ ወደ ጣሪያ ሲጫን ሽቅብ ሲታይ፣ ስልክ ሲነገር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ተጨብጦ መዋል አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ኪሱን በየደቂቃው የሚዳብስ ሰው ገንዘቡ የት እንዳለ በገዛ እጁ ያመለክታል። «ሌባ አለ፣ ተጠንቀቁ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ገንዘቡ ወዳለበት መስደድ ነው፤ ይህንን የሚጠብቅ ዓይን ደግሞ በአቅራቢያው ይኖራል። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲሰማ ኪስን ከመንካት ይልቅ ከሕዝቡ ወጥቶ ጀርባን ለግድግዳ መስጠት ይሻላል።

ወደ ዝግጅቱ ስንመለስ፣ ገንዘቡ ቢያንስ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የመንገድ ብር ነው፤ ትኬት፣ የጭነት ሒሳብ፣ ምግብ፣ ባጃጅ ተቆጥሮ፣ በተቻለ መጠን በባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ተመንዝሮ በቀላሉ በሚገኝ የፊት ኪስ ይቀመጣል። ይህ ቢጠፋ ያናድዳል እንጂ ጉዞ አያስቀርም። ሁለተኛው ዋናው ገንዘብ ነው፤ እርሱ ከቤት እስከ መድረሻ አይፈታም፣ አይቆጠርም፣ አይነካም። የመንገድ ብር ካለቀና ከዋናው መጨመር ግድ ከሆነ፣ መጸዳጃ ቤት ወይም የተዘጋ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነው። ረዥም መንገድ የሚሄድ ደግሞ ለመመለሻ የሚበቃ ጥቂት ገንዘብ በሦስተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ በሌላ ቦርሳ ውስጥ በታጠፈ ልብስ መካከል፣ ቢይዝ መልካም ነው።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት መታተሙ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ገጽ አለው። ቀድሞ 40,000 ብር በትልቁ ኖት 400 ቅጠል ነበር፤ ዛሬ 200 ነው። በግማሽ ቀንሷልና ለመሸሸግ ይቀላል፤ በሁለት ጣት ለማውጣትም ቀሏል። ስለዚህ ብዙ ብር በአንድ ላይ ጠቅልሎ በላስቲክ ከማሰር ይልቅ ሳሳ አድርጎ በሁለት ቦታ መዘርጋት ይመረጣል፤ የተዘረጋ ብር ከልብስ ላይ አያብጥም፣ ተጎትቶም በአንዴ አይወጣም።

ከኪሶች ሁሉ የከፋው የሱሪ የኋላ ኪስ ነው፤ ባለቤቱ አያየውም፣ አፉም ሰፊ ነው። የኮትና የጃኬት የጎን ኪስም ከሰውነት የራቀ ስለ ሆነ ከእርሱ ብዙም አይሻልም። የሸሚዝ የደረት ኪስ ዓይን ሥር ያለ ይመስላል፤ ሆኖም ጎንበስ ሲባል አፉ ይከፈታል፣ ስልክም ከዚያ ይወጣል። ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለውና ርካሹ መፍትሔ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ የውስጥ ኪስ ማሰፋት ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ በረንዳ ላይ ማሽን ዘርግቶ የሚሰፋ ባለሙያ አይጠፋም። ከሱሪው ወይም ከቁምጣው ውስጥ በኩል፣ ከቀበቶው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ጠንካራ ጨርቅ ሦስት ጎኑ ይሰፋል፤ አፉ ወደ ላይ ሆኖ አንድ ቁልፍ ይደረግበታል፤ ቀበቶው ሲጠብቅ አፉን ተጭኖ ይዘጋዋል። እዚያ ለመድረስ ቀበቶ መፍታት ያስፈልጋል፤ በሰው ፊት ያንን ማድረግ የሚችል ሌባ የለም። ለማሰፋት ጊዜ ያጣ ሰው የፊት ኪሱን አፍ ከውስጥ በኩል በመርፌ ቁልፍ ቢይዘው ብዙ ይረዳዋል። መቀነት የሚታጠቁ እናቶችም መቀነቱን እንደያዙ ይቀጥሉ፤ ትልቁ ቋጠሮ ከጫፉ ሳይሆን ከሰውነት ጋር በሚጠመጠመው በመጀመሪያው ዙር ይሁን፤ ለመንገድ የሚሆነው ብቻ በነጠላ ጫፍ ይቋጠር።

ቦርሳን በሚመለከት የሚያሰጋው ዚፕ ብቻ አይደለም፤ ምላጭ አለ። በጀርባ የታዘለ ስስ ቦርሳ ከሥሩ ሲቀደድ ባለቤቱ የሚያውቀው ዕቃው ሲረግፍ ወይም ቦርሳው ሲቀልለው ነው። በሰው መካከል ቦርሳን ወደ ፊት አዙሮ በደረት ላይ መያዝ፣ ውድ የሆነውንም ነገር ከቦርሳው ጠርዝ ሳይሆን ከልብስ መካከል ማስቀመጥ ይገባል።

አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ የወጣ ሰው ጎሃ ጽዮን ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፤ ጃኬቱ መስቀያ ላይ ወይም ከወንበሩ ጀርባ ሲንጠለጠል በኪሱ ያለው ሁሉ ከባለቤቱ ተለየ ማለት ነው። የሚወልቅ ልብስ ውስጥ ገንዘብ አይያዝም። ትንሹ ቦርሳ ከላይ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በእግር መካከል ይሁን፤ ማንገቻውም አንድ ዙር በቁርጭምጭሚት ላይ ይጠምጠም፤ የተኛ ሰው እግሩ ሲጎተት ይነቃል። ለምሳ ወይም ለቁርስ ሲወረድ «በሩ ይዘጋል» የሚለው ቃል ለከባድ ሻንጣ ይበቃ ይሆናል፤ ለገንዘብና ለስልክ አይበቃም። መኪናው ቆሞ ቆሎና ብርቱካን ሻጮች ሲሰበሰቡ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ስልክ ይዞ መቀመጥም በአንድ እጅ መንጠቅ ለሚችል መጋበዝ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ገንዘብን በእጅ ለሚይዝ ነው። ከተቻለ አለመያዝ ይሻላል። በቡሬ በርበሬ ወይም በቆሎ፣ በአዴት ጤፍ ሸጦ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ገንዘቡን እዚያው በሸጠበት ቀን ባንክ አስገብቶ በደረሰበት ከተማ ማውጣት ከማንኛውም የተሰፋ ኪስ ይበልጣል። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ብዙ አባቶችና እናቶች ከኤቲኤም ማሽን ፊት ቆመው ለማያውቁት ወጣት ካርዱንም የሚስጥር ቁጥሩንም ሲሰጡ አይቻለሁ። አብዛኛው ወጣት በቅንነት ይረዳል፤ አንዱ ግን ካርዱን በሌላ ተመሳሳይ ካርድ ቀይሮ ሊመልስ ይችላል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ከቀናት በኋላ ነው። ማሽኑን ለማይጠቀም ሰው የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ወደ ባንኩ ውስጥ መግባት፣ ሰልፍም ቢኖር መሰለፍ፣ ገንዘቡንም ከመስኮቱ ሳይርቅ ቆጥሮ እዚያው መሸሸግ የተሻለ ነው።

ዛሬ ግን ከኪስ ቦርሳ በላይ ገንዘብ የያዘው ስልኩ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ የባንኮቹም የስልክ አገልግሎት ስለ ተስፋፋ፣ ስልክ የሰረቀ ሰው የሚያገኘው የስልኩን ዋጋ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጉዳዩን ለመረዳት ሲም ካርዱን ከስልኩ ለይቶ ማሰብ ያስፈልጋል። ስልኩ በጣት አሻራ ቢቆለፍም ሌባው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እርሱ ይደርሳል። የሚስጥር ቁጥሩ የልደት ዓመት ወይም 1234 ከሆነ ደግሞ ሥራውን ያቀልለታል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ሲሙ ራሱ የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተደረገ ሲሙ በሌላ ቀፎ ሲገባ ቁጥሩን ካላገኘ አይከፈትም፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተም ይቆለፋል። የሚስጥር ቁጥርን «ፒን» ብሎ በስልኩ ማስታወሻ ወይም በመልእክት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ በር ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ መተው ነው። *#06# ሲደወል የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የቀፎ መለያ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ለፖሊስ ለማመልከት ይጠቅማል።

ስልክ ከጠፋ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ቅደም ተከተሉም እንዲሁ። ከሌላ ሰው ስልክ መጀመሪያ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ቀጥሎ ለቴሌብር 127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ለሆነ ሰው ደግሞ 951 ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ ይገባል። ሲሙ የሚቀድመው የማረጋገጫ መልእክቶቹ ሁሉ የሚያልፉት በእርሱ ስለ ሆነ ነው። ቁጥሮቹ በጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ተመዝግበው ከሆነ ግን ምንም አይጠቅሙምና በአንዲት ወረቀት ላይ፣ ከአንድ የቅርብ ዘመድ ቁጥር ጋር፣ ተጽፈው ከስልኩ በተለየ ቦታ ይያዙ።

በዓላትና ንግሦች ለብቻቸው ጥቂት ቃል ይፈልጋሉ። ለጥምቀት ጥር 11፣ ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጥር 13 ወደ ግሽ ዓባይ፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሰው የሚገባው እጅ ለጭብጨባና ለእልልታ ከፍ በሚልበት፣ ዓይን ሁሉ ወደ ታቦቱ ወይም ወደ ፈረሱ በሚያይበት ሕዝብ መካከል ነው። የአንገት ወርቅና የጆሮ ጌጥ በዚያ ቀን ቤት ቢቀሩ ይሻላል። ለአንገት ማተብ ይበቃል። ለስለት የተያዘ ገንዘብም ከመነሻው ተለይቶ፣ ለብቻው ታጥፎ ቢያዝ ለመስጠት ሲባል ሌላው አይገለጥም።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ምን ይደረጋል? ተሽከርካሪው ካልተንቀሳቀሰ ወይም ማንም ካልወረደ ሾፌሩን «በሩን ዝጉልኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ፖሊስ መጥራት። አጠገብ ያለውን ሰው በግምት «ሌባ» ብሎ መጮኽ ግን ከባድ ኃጢአት ሊሆን ይችላል፤ የተቆጣ ሕዝብ ንጹሑን ሰው ደብድቦ ሊጎዳው እንደሚችል ማሰብ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ሁኔታው በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ቅጣቱ የፍርድ ቤት ነው። ለፖሊስ ማመልከት ገንዘቡን ባያስመልስ እንኳ የጠፋ መታወቂያና ሲም ለማስተካት የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያስገኛል። ከዚህ ጋር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ሌባው ብሩን አውጥቶ ቦርሳውንና ወረቀቱን ቶሎ ይጥለዋል። በመናኸሪያው አጥር ሥር፣ በመጸዳጃ ቤቱ፣ በአቅራቢያው ቦይ ውስጥ መፈለግ፣ ለተራ አስከባሪዎችም መንገር መታወቂያንና የሕክምና ወረቀትን ያስመልሳል።

ደጀን ላይ ገንዘባቸው እንደ ሄደ የተረዱት እናት ስልክም የጻፉት ቁጥርም አልነበራቸውም። የ9 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ግን የእናቱን ቁጥር በቃሉ ያውቅ ነበርና አንድ በአንድ ጠራልኝ፤ ደወልን። ልጃቸው በእኔ ቴሌብር 3,000 ብር ላከች፤ እዚያው ከአንድ ሱቅ አውጥቼ ስሰጣቸው 200 ብሩን ለይተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ የቀረውን ይዘው ወደ ምግብ ቤቱ ጓዳ ገቡና መቀነታቸውን አጥብቀው ወጡ።